ጣቴ ላይ የተጣበቀው ራስ

የልጅ ልጆቼ ናቸው ንገሪን ያሉኝ። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በእናታቸው ሳሎን ውስጥ ከበውኝ ተቀምጠው አዲሱን ስልኬን በጣት አሻራ እንዲከፈት ሊያደርጉልኝ ሲሞክሩ፣ ስልኩ ሌባ ጣቴን አላውቃትም አለ። ደግመን ሞከርን፤ እምቢ አለ። ትልቋ ጣቴን ወደ መብራቱ አስጠግታ አየችና «አያቴ፣ እዚህ ጋ መስመር የለሽም እኮ፤ ምን ሆነሽ ነው?» አለችኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ሽንኩርት ስከትፍ ነው ብዬ አልፋት ነበር። ያን ቀን ግን አጎታቸው ግርማ እዚያው ሶፋው ላይ ነበርና «ንገሪያቸው እማዬ፤ ትልልቅ ሆነዋል» አለኝ። ነገርኳቸው። ሲያልቅ ደግሞ ጻፊው አሉኝ። እኔ የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም፤ ፊደል የለየሁት ጎልምሼ፣ የቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ልጆች ሲቆጥሩ እየሰማሁ ነው። ስለዚህ እንደማወራው እጽፈዋለሁ፤ ከመንገዱ ወጣ ብዬ ብመለስ ታገሡኝ።

ያኔ ምን ዓይነት ሴት እንደነበርኩ ላስቀድም። ባሌ ከሞተ ቆይቶ ነበር። ወደዚህ አገር የመጣሁት ሴት ልጄን ሰናይትን ላርስ ነው፤ ሕፃኑ ዳዴ ብሎ ሲሄድም እኔ ቀረሁ። ቤት የለኝም ብል ልጆቼ ይቀየሙኛል እንጂ ቤቴ ሻንጣዬ ነበረች። ጥቂት ሳምንት ሲልቨር ስፕሪንግ ከሰናይት ጋ፣ ጥቂት ሳምንት አሌክሳንድሪያ ከወንድሟ ከግርማ ጋ። አንዱ ጋ ስሆን ሌላው ይናፍቀኛል፤ ሰናይት «እግርሽ ላይ ጎማ አለ» ትለኛለች። እንግሊዝኛ ስለማላነብ የባቡሩን ፌርማታዎች እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሌ ነው የያዝኳቸው። ታኮማ፣ ፎርት ቶተን፣ ብሩክላንድ እያልኩ እወርዳለሁ፤ ጋለሪ ፕሌስ ላይ ወደ ቢጫው መስመር እቀይራለሁ፤ ኪንግ ስትሪት ስደርስ ሻንጣዬን የሚቀበለኝ ሰው ቆሞ ይጠብቀኛል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ መተት እፈራ ነበር። እናቴም ትፈራ ነበር፣ እናቷም። ጥፍሬን ስቆርጥ በሶፍት ቋጥሬ ሻንጣዬ ኪስ ውስጥ ይዤው እዞራለሁ እንጂ ሰው ቤት ቆሻሻ ውስጥ አልጥልም። ማን ያነሣዋል? ምን ያደርግበታል? አሜሪካም ብመጣ ያው ነኝ።

ኪንግ ስትሪት የሚጠብቀኝ ሰው ብዙ ጊዜ ልጄ አልነበረም፤ ጌትነት ነበር። ጌትነት ከግርማ ጋር አፓርትመንት የሚጋራ፣ ሆቴል ፓርኪንግ ውስጥ የሚሠራ፣ ሠላሳዎቹን ያጋመሰ ረጋ ያለ ሰው ነው። ሚስቱን አገር ቤት ትቷት መጥቶ፣ የቪዛ ፕሮሰሷ አልቆ እስክትመጣ ይጠብቃል። የግራ ቅንድቡን ለሁለት የሚከፍል ጠባሳ አለው። «እማማ የሺ» እያለ በአንቱታ ነው የሚያናግረኝ። ማዕድ ስንቀርብ መጀመሪያ የሚያጎርሰኝ እሱ ነው፤ ጉርሻው ትልቅ ስለሆነ ግርማ «እናቴን ልታንቅብኝ ነው» እያለ ይቀልዳል። አንድ ቀን ሻንጣዬን ሲያወጣ ሶፍቱ ወደቀና ተፈታ፤ ጥፍሬን አየ። ምንም ሳይል ሰብስቦ፣ ቋጥሮ ሰጠኝ።

ግርማ ታክሲ ይነዳል። ሌላው ሲጠጣ፣ ሌላው ኳስ ሲያይ፣ ልጄ የብረት ወታደር አንገት ይቆርጣል። ወታደሮቹ ከአውራ ጣቴ አይረዝሙም። ከፈረንጆች ጋር ሆነው ጠረጴዛ ላይ እያሰለፉ፣ ዳይስ እየጣሉ ያዋጓቸዋል። ታዲያ ከሱቅ ሲመጡ ሁሉም አንድ ፊት ነው ያላቸው፤ ግርማ ይሄን አይወድም። በቀጭን መጋዝ አንገታቸውን ይቆርጣል። መርፌ በምታክል፣ በጣት በምትሽከረከር መሰርሰሪያ አንገቱንም አዲሱንም ራስ ይበሳል። ቀዳዳው ውስጥ አጭር የናስ ሽቦ ያቆማል፣ ማጣበቂያ ጠብ ያደርጋል፣ ራሱን ይሰካበታል። አዲሱን ፊት የሚሠራው ደግሞ ሲደርቅ ድንጋይ ከሚሆን አረንጓዴ ሊጥ ነው፤ በመርፌ ጫፍ አፍንጫ ያወጣል፣ ከንፈር ያወጣል፣ ከዚያ ቀለም ይቀባል።

መጀመሪያ ሳየው አማተብኩ። የሰው አንገት እየቆረጡ መዝናናት ምን ዓይነት ነገር ነው አልኩት። ቆርቆሮ ነው፣ ይልቅ መብራቱን ያዢልኝ አለኝ። መብራት እየያዝኩለት ለመድኩት። ኋላማ ታክሲ ተራ የሚያውቃቸውን ሰዎች ፊት ማውጣት ጀመረ፤ ሆዳሙን፣ ነገረኛውን፣ ሁልጊዜ የሚተኛውን። ሰዎቹን ባላውቃቸውም ሲያሳየኝ እስቃለሁ። ራሱ ተጣሞ የተጣበቀበት ወታደር ካለ በላስቲክ ከቶ ፍሪዘር ውስጥ ያስቀምጠዋል። ያ ማጣበቂያ ብርድ አይችልም፤ ከበረደ ይደርቅና ይሰባበራል፤ ጠምዘዝ ሲያደርጉት ራሱ ቀጭ ብሎ ይወጣል። ከቅቤውና ከበርበሬው መሃል የወታደር ላስቲክ ማየት ለእኔ ብርቅ አልነበረም። ኩሽና የምንገባው እኔና ግርማ ስለሆንን፣ ይህን ለጌትነት ንገሪው ያለኝም የለም፤ ለእኔም አልታሰበኝም።

በዚያ የብርድ ወራት ጌትነት የነካው ሁሉ ይጣመምበት ጀመር። ከሆቴሉ ሌይ ኦፍ ተደረገ፣ ከሥራ ተቀነሰ። የሚስቱ የቪዛ ኬዝ ቆመ፤ ለምን እንደቆመ የሚነግረው የለም። ከገና ወዲህ ደግሞ አንገቱ ደረቀ፤ ወደ ጎን ለማየት ትከሻውን ጭምር ነው የሚያዞረው። ሐኪም ጡንቻ ነው ብሎ ኪኒን ሰጠው። ማዕድ ላይ መቅረብ ተወ፣ ክፍሉን ዘግቶ በስልክ ማንሾካሾክ አበዛ። በኋላ እንደሰማነው ሎረል የሚኖር አንድ አዋቂ ነኝ ባይ አግኝቶ ነበር። ሰውየው ከአንተ ጋር አንድ ማዕድ የሚበላ ሰው መተት ሠርቶብሃል፣ መልክህን ይዞታል፣ ቤትህን ፈትሽ ብሎታል።

ቀኑ ቅዳሜ ነበር። በረዶው መኪኖቹን ቀብሯቸው ማንም ከቤት አልወጣም። ምሳ በልተን ግርማ ጠረጴዛው ላይ አጎንብሷል፣ እኔ ሶፋው ላይ በኪሮሽ ዳንቴል እሠራለሁ። ጌትነት አንገቱን ይዞ ከክፍሉ ወጣና በረዶ ላድርግበት ብሎ ፍሪዘሩን ከፈተ። ጀርባውን ነው የማየው። ላስቲክ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ፤ ከዚያ ዝም አለ። ሰው በረዶ ለማውጣት እንደዚያ አይቆይም። ቅዝቃዜው በወለሉ መጥቶ እግሬን ነካኝ። አጣኸው ወይ ብዬ ጠየቅኩት፤ አልመለሰልኝም። ቀጭ የሚል ድምፅ ብቻ ሰማሁ።

ዞረ። በአንዱ መዳፉ ላይ ራስ የሌለው ወታደር፣ በሌላው እጁ ጣቶች መሃል ከሽምብራ የምታንስ ራስ ይዟል። ፊቱ የራሱ የጌትነት ነው። ግርማ ቀጭን ሪዙን፣ የተከፈለ ቅንድቡን ሁሉ አሳምሮ ሠርቶት ነበር፤ ባንዲራ ያዡ አድርጎ ለልደቱ ሊሰጠው። አንገቱ ተጣሞበት ነው ሊያስተካክለው ፍሪዘር የከተተው። ከወታደሩ አንገት መሃል ያ የናስ ሽቦ ወጥቶ ያበራል፤ ልክ እንደ መርፌ።

ጌትነት ወደ ክፍሉ ገብቶ ዘጋ፤ ስልክ ሲያወራ ይሰማል። ግርማ ዓይኑ ላይ ያሰረውን ማጉያ መነጽር እንኳ ሳያነሣ ሣቀና «አየው አይደል? ሰርፕራይዜን አበላሸብኝ» አለ። እኔም ሣቅሁ። እንግዲህ የዚያን ቤት የመጨረሻ ሣቅ የሣቅነው እኛ ነን።

በሩ ተከፈተና ጌትነት መዶሻ ይዞ መጣ። ምስማር ሊመታ መስሎኝ ነበር። ግርማ ቀና ሳይል መዶሻው ቀኝ እጁ ላይ ወረደ። የአጥንቱ ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ ደረቅ እንጨት ጉልበት ላይ አስደግፈው ሲሰብሩት የሚሰማው ዓይነት ነው። ጠረጴዛው ተገለበጠ፤ ወታደሮቹ፣ መጋዙ፣ ምላጩ፣ ሽቦው ወለሉ ላይ ተበተነ። ሁለተኛው ምት ጆሮ ግንዱ ላይ አረፈ። ልጄ ከወንበሩ ወርዶ በጎኑ ወደቀ፤ ደሙ በአንገቱ በኩል ሸሚዙ ውስጥ ገባ። ልነሣ ስል ጌትነት መዶሻውን ወርውሮ ከኩሽና የሥጋ ቢላውን አነሣ። ግርማን ከኋላው በፀጉሩ ጎትቶ ቀና አድርጎ፣ ጀርባውን ጉልበቱ ላይ አስደግፎ ወለሉ ላይ አስቀመጠውና ቢላውን ጉሮሮው ላይ አደረገ።

«አንገቴን ቆርጠህ በረዶ ውስጥ ከተትከኝ» አለው። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። «ሚስቴንም፣ ሥራዬንም እዚያ ውስጥ ነው ያሰርክብኝ።»

«ጌትሽ፣ በእናቴ ሞት፣ ጨዋታ ነው» አለ ግርማ።

«በአንገቴ ነው የምትጫወተው?»

ቢላውን ሳብ አደረገው፤ ከቢላው ሥር ቀጭን ቀይ መስመር ወጣ። ግርማ እውነቱን ሁሉ ነገረው፤ ማጣበቂያው ብርድ እንደማይችል፣ ልደቱ እንደሆነ፣ ባንዲራ ያዥ እንደሆነ። ደሙን እየዋጠ ነገረው። እውነቱ በተነገረ ቁጥር ቢላው ይጠብቃል። ሰው ወንድሙን ሊያስደስት አንገቱን ቆርጦ፣ መርፌ ሰክቶ፣ በረዶ ውስጥ ይከታል ቢባል ማን ያምናል? እኔ ራሴ መብራት የያዝኩ ባልሆን አላምንም ነበር። መተት የምፈራ ሴት ነኝና ጌትነት የሚያየውን አየሁት። ልጄ እውነቱን በመናገሩ ሊሞት እንደሆነም ገባኝ።

ተነሣሁ።

«ልጄን ልቀቀው። የሠራሁብህ እኔ ነኝ» አልኩት።

ግርማ ዝም በይ አለኝ። ጌትነት ከትከሻው ዞሮ አየኝ። «ሊያድኑት ነው፣ እማማ የሺ።»

«እሱ ምን ያውቃል? ቆርቆሮ ከመቁረጥ በቀር ምን ያውቃል? ጥፍሬን ቋጥሬ የምዞረው ለምን ይመስልሃል? አላየኸኝም?»

አይቶኛል። ያየው ትዝ ሲለው ፊቱ ተለወጠ። እኔ ሰው እንዳይሠራብኝ ብዬ የደበቅኩት፣ እኔ በሰው ላይ የምሠራ ለመምሰል በቃኝ።

«ምን አደረግኩዎ?» አለኝ። ድምፁ የልጅ ሆነ። ክፍልህን ፈልጌ ነው አልኩት፤ ነቅለህ እንድትሄድልኝ፣ ሻንጣዬን አንድ ቦታ ላሳርፍ። ይህን እያልኩ ጠጋ አልኩ፤ ምናልባት ቢላው ወደ እኔ ቢዞር ብዬ። ቢላው ከግርማ ጉሮሮ አልተነሣም። በእግሩ ነው ደረቴን የመታኝ። ወደ ኋላ ሄጄ ምድጃው ጠርዝ ላይ በፊቴ አረፍኩ። አፌ በደም ሞላ። ጥርሴን መዳፌ ላይ ተፋሁት።

«አንቺ ቡዳ» አለኝ። «እቃሽን ተሸክሜ፣ አጉርሼሽ።»

አንቺ አለኝ። ከጥርሴ ይልቅ እሱ አመመኝ፤ ግን አመነኝ ማለት ነው።

ካመነ ደግሞ መንገድ አለ። ወለሉ ላይ እንደተቀመጥኩ ነገርኩት። «ልትገድለኝ ትችላለህ። ግን የታሰረ የሚፈታው ባሰረው እጅ ነው። እኔ ከሞትኩ እዚያው በረዶ ውስጥ ትቀራለህ። ልጄንም ከገደልክ እንደዚያው ነው፤ የሰው ነፍስ ከጠፋበት አይፈታም።» ከየት እንዳመጣሁት አትጠይቁኝ። እመቤቴ ናት አፌ ላይ ያስቀመጠችው እላለሁ፤ ቄሱ ግን እንደዚያ አትበይ ብለውኛል።

ጌትነት ወታደሩንና የተነቀለውን ራስ ከኪሱ አውጥቶ ወደ እኔ ወረወራቸው። «ራሴን መልሺልኝ» አለ። «ከተሳሳትሽ የሱ ይቀድማል።»

አንባቢዎቼ፣ መብራት መያዝና መሥራት ይለያያል። መሰርሰሪያውን፣ ማጣበቂያውን፣ መነጽሬን ከወለሉ ላይ እየዳበስኩ ለቀምኩ። የራሱ ቀዳዳ በአሮጌ ማጣበቂያ ተደፍኗል፤ እሱ ካልተጠረገ ሽቦው አይገባም፤ ሽቦው ካልገባ ራሱ አይቆምም። ግርማ ሲሠራ እንዳየሁት መሰርሰሪያውን በጣቶቼ መሃል ማሽከርከር ጀመርኩ። ደሜ ከአገጬ እየተንጠባጠበ መዳፌን ያሟልጨዋል፣ በቀሚሴ እጠርጋለሁ፣ እንደገና እይዛለሁ። ከመሰርሰሪያው ጫፍ አረንጓዴ ብናኝ ይወጣል። ልጄ ሲተነፍስ ያፏጫል። ውጪ አካፋ በረዶ ሲዝቅ ይሰማል፤ ሰው መኪናውን እያወጣ ነው፤ ዓለም እንደዚያ ናት።

«ዝም ብለሽ ነው የምትፈቺው?» አለኝ ጌትነት።

እውነትም የሚፈታ ሰው ዝም አይልም። ድግምት ግን አላውቅም፤ ጸሎቱን ደግሞ ለውሸት ማዋል ፈራሁ። ስለዚህ ከንፈሬን ሳልከፍት፣ በጉሮሮዬ፣ በቃሌ የማውቀውን ሌላውን ነገር ማንበልበል ጀመርኩ። ታኮማ፣ ፎርት ቶተን፣ ብሩክላንድ፣ ሮድ አይላንድ፣ ዩኒየን ስቴሽን። ቃሉ እንዳይለይ እያድበሰበስኩ ጋለሪ ፕሌስ ደረስኩ፣ ቀየርኩ፣ አርካይቭስ፣ ላንፋንት፣ ፔንታገን። ጌትነት አፉን ከፍቶ ያየኛል።

ቀዳዳው ተጠረገ። ራሱን ላስቀምጥ ስል ደም ከነካው እጄ አፈተለከ። ወለሉን ሁለት ጊዜ ነጠረና ፍሪጁ ሥር ገባ።

ጌትነት እንደ ሰው ያልሆነ ድምፅ አወጣ። ቢላው ከግርማ ጉሮሮ ወደ ፊቱ ወጥቶ ጉንጩን ከጆሮው እስከ አፉ ጥግ ቀደደው። የልጄ ጥርስ በጉንጩ በኩል ታየኝ። ጮኸ፤ እኔ አልጮኽኩም። ብጮህ ጨርሶ እንደሚገድለው አውቃለሁ። በሆዴ ተኝቼ ኪሮሼን ፍሪጁ ሥር ሰደድኩና እየጎተትኩ፣ አቧራ፣ የድንች ልጣጭ፣ የጠርሙስ ክዳን አወጣሁ። ከአቧራው ጋር ተጠቅልሎ መጣ። ነፋ አድርጌ አጸዳሁት። ያች የተከፈለች ቅንድብ አየችኝ።

የማጣበቂያው አፍ ደርቆ ነበር። ጨመቅኩት፤ እምቢ አለ። በሙሉ ኃይሌ ስጨምቀው ፈነዳና ሽቦውንም፣ ራሱንም፣ ጣቶቼንም አለበሰው። ራሱን ሽቦው ላይ ሰካሁ። ቀና መሆኑን አየሁ። ጣቴን ከላዩ ጫን አድርጌ ያዝኩ፤ ግርማ እንደሚያደርገው። ኪንግ ስትሪት እስክደርስ ያዝኩት።

«ልቀቂው» አለኝ ጌትነት። «ልየው።»

ጣቴን ሳነሣ ወታደሩ ወለሉ ላይ ወደቀ። ራሱ ግን ሌባ ጣቴ ጫፍ ላይ ቀረ።

ነቀነቅኩት። አይወርድም። በሌላው እጄ ሳብኩት፤ ቆዳዬ አብሮ ተነሣ እንጂ አልተላቀቀም። ያች ትንሽ የጌትነት ፊት ከጣቴ ላይ ሆና ትልቁን ጌትነትን ፊት ለፊት ታየዋለች። አበቃልን አልኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን ጥርሴ ተንገጫገጨ። ጌትነትም የገረጣውን ፊቴን አየ፤ ፍርሃቴ ደግሞ የውሸት አልነበረም።

«ምን ሆነ?» አለኝ።

አፌ ራሱ መለሰለት። «ወደ እኔ ዞረ» አልኩት። «ከአንተ ለቀቀ። እኔን ያዘ።»

ጣቴን ወደ እሱ ዘረጋሁ። ሳብ አድርገው አልኩት። አልነካም አለ፣ ወደ ኋላ ሸሸ፤ ሲሸሽ ጉልበቱ ከግርማ ጀርባ ተነሣ። ጣቴን ላለማየት ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። አንገቱን ብቻ ነው ያዞረው፤ ትከሻው ባለበት ቆሞ። ሁለታችንም አየነው። እሱም ተሰማው። ቀስ ብሎ ወዲህ አዞረው፣ ወዲያ አዞረው። እጁ ወደ ማጅራቱ ሄደ፤ በዚያ እጁ ነበር ቢላውን የያዘው፤ ቢላው ምንጣፉ ላይ ወደቀ።

ከዚያ ተቀመጠ። ልብስ ከመስቀያው እንደሚወርድ ነው የተቀመጠው። «እማማ የሺ፣ እርስዎ እንግዲህ እንዴት ይሆናሉ?» አለኝ። ስለ እኔ ነው የፈራው። በዚያ ሁሉ ደም መሃል ስለ እኔ ፈራ።

እኔ ወደ ልጄ ሮጥኩ። ጉንጩን ለመያዝ ጣቴ ያስፈልገኛል፣ ጣቴ ላይ ደግሞ ያ ነገር አለ። ፍሪጁ ጠርዝ ላይ አስደግፌ ገነጠልኩት። ቆዳዬና ሥጋዬ አብሮት ሄደ። በሁለት እጄ የግርማን ፊት ገጥሜ ያዝኩ፤ የሱና የእኔ ደም ተቀላቅሎ ክንዴን ወረደ። ከእኛ በታች ያለው ጎረቤት የመዶሻውን ድምፅ ሰምቶ ደውሎ ኖሮ፣ ፖሊሶቹ በሩን ገንጥለው ሲገቡ እንደዚያ ሆነን አገኙን። ጌትነትን በሆዱ አስተኝተው፣ ጉልበት ጀርባው ላይ አድርገው ሲያስሩት አንገቱን ብቻ ወደ እኔ አዞረ።

ግርማ ቀኝ እጁ ላይ ሁለት ጣቶቹ ከዚያ ወዲህ አይታጠፉም፤ ጉንጩ ላይ ያለውን መስመር በጺም ሸፍኖታል። ጌትነት ታሰረ። ፍርድ ቤት በአስተርጓሚ ጠይቀውኝ፣ ይህ ሰው ልጄን ሊያርደው ነበር፣ ግን ታሞ ነበር፣ ሐኪም ይየው አልኩ። ሰናይት ስለዚያ ብዙ ጊዜ አኩርፋኛለች። ሲፈታ ሌላ ስቴት ሄደ፤ ሚስቱ መጥታለታለች ሲባል ሰምቻለሁ። ከዚያ በላይ አላውቅም።

አሁን እናንተን ላናግር፣ ይህን የምታነቡትን። ዕድሜዬን ሙሉ የፈራሁትን ነገር በአንድ ቀትር ራሴ ሠራሁት። ከማጣበቂያ፣ ከባቡር ፌርማታና ከውሸት ሠራሁት። ደግሞም ሠራ፤ የሰው አንገት አዞረ። ከዚያ ወዲህ መተት አልፈራም። ጥፍሬን ቆርጬ ያገኘሁት ቆሻሻ ውስጥ እጥላለሁ። የምፈራው ሌላ ነው። መከራ የበዛበት ሰው ለመከራው ባለቤት ይፈልግለታል፤ ብቻውን ከተዉት ደግሞ በስልክ ባለቤት የሚሰጠው አይጠፋም፤ ባለቤቱም ሁልጊዜ አጠገቡ ያለው፣ የሚያጎርሰው ሰው ነው። ጌትነት ከማዕድ የቀረ ዕለት ሁላችንም ሥራ አጥቶ አፍሮ ነው ብለን አለፍነው። እናንተ ቤት ማዕድ ላይ የቀረ ሰው ካለ አትለፉት። በሩን አንኳኩ። ካልከፈተ ደግማችሁ አንኳኩ።

ለልጆቹ ይህን ነግሬ በጨረስኩ ቀን ግርማ በመኪና ወደ አሌክሳንድሪያ ወሰደኝ። ወንዙ ላይ ያለውን ትልቁን ድልድይ ስንጀምር ሬዲዮውን አጠፋ። ለልጆቹ የነገርሽው ላይ የጎደለ አለ አለኝ። ጠረጴዛው ሲገለበጥ ምላጩ አጠገቡ ወድቆ ነበር፤ ጌትነት ጎትቶ ሲያስቀምጠው ጭኑ ሥር ገባ። በደህናው በግራ እጁ ይዞት ነበር፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው።

«አንገት የት እንደሚቆረጥ አውቃለሁ እኮ፣ እማዬ» አለኝ። «ጉልበቱ ጀርባዬ ላይ ነው፣ አንገቱ ከትከሻዬ በላይ ነው። ቦታውን መርጬ ነበር። አንቺ ራሱን አስተካክለሽ ጣትሽን ስታነሺ፣ ዓይኑ ወታደሩ ላይ ሲያርፍ ልመታው ነበር። ጣትሽን አነሣሽ፤ ራሱ አብሮት ተነሣ፤ አንቺ ፈራሽ፤ እኔም ምላጩን የያዘ እጄን ገታሁ።»